ኮሙኒኬሽን የሚማር ሰው ምንድነው የሚማረው?

በየትኛውም የወረዳ ከተማ ወርዳችሁ «ኮሙኒኬሽን የት ነው?» ብትሉ ሰው ጣቱን ቀስሮ ቢሮ ያሳያችኋል። ካሜራ ያላት፣ ስብሰባ ሲኖር ባነር የምታሠራ፣ የአስተዳደሩን ፌስቡክ የምትይዝ ቢሮ። ለወረዳው ሰው ኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ነው። ለእናቶቻችን ቴሌቪዥን ላይ መታየት ነው። ለፍሬሽማን ተማሪ ደግሞ የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርሙ ላይ ያለ አንድ ስም ነው።

ያንን ፎርም ሊሞሉ ሲሉ የሚደውሉልኝ ልጆች አሉ። የዘመድ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ። እኔም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ስለሆነ። ጥያቄያቸው ሁሌም ያው ነው። «ምንድነው የምንማረው? ዜና ማንበብ ነው?» በስልክ ተናግሬ ጨርሼው ስለማላውቅ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ዜና ማንበብ ከትምህርቱ ውስጥ አለ። ግን ትንሹ ክፍል ነው። የትምህርቱ ዋና ጥያቄ፣ አንድ ሰው ሲናገርና ሌላው ሲሰማ በመሃል ምን ይፈጠራል የሚለው ነው። የተባለው ለምን ሌላ፣ የተሰማው ለምን ሌላ ሆነ? በአማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ሦስት ቃላት አሉን። መገናኛ ብዙኃን ስንል ሬዲዮውንና ጋዜጣውን ማለታችን ነው። የሕዝብ ግንኙነት ስንል ሥራውን፣ ሙያውን ነው። ምሁራኑ ቆየት ብለው ያመጡት ደግሞ ተግባቦት የሚለው ነው። ሦስተኛውን በጣም እወደዋለሁ። ምክንያቱም ሁለት ሰዎች ሊገናኙ፣ ሰፊ ግንኙነትም ሊኖራቸው ይችላል፤ ላይግባቡ ግን ይችላሉ። ተግባቦት የሚለው ቃል ከሰሚው ጋር ካልተጨረሰ ምንም አልተሠራም ይላል።

እስቲ ወደ ታክሲ ተራ እንሂድ። ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ሜክሲኮ። ረዳቱ በሚኒባሱ በር ግማሽ አካሉን አውጥቶ «መገናኛ! መገናኛ! መገናኛ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። ለምን ሦስት ጊዜ ደገመው? አንዱ በቂ አልነበረም? አልነበረም። ጎኑ ያለው ረዳት «ሳሪስ!» እያለ ነው። ክላክስ አለ። የጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ሰው አለ። መጀመሪያውን ያልሰማ ሁለተኛውን ይሰማል፤ «ገናኛ» ብቻ የደረሰው ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

ክሎድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሰውና መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1948 በቤል የስልክ ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሆኖ ያወጣው ንድፈ ሐሳብ ስለዚሁ ነው። የሱ ጭንቀት የስልክ መስመር ነበር። መልእክት ከላኪ ተነስቶ በመስመር ያልፋል፤ መስመሩ ላይ ኖይዝ (መልእክቱን የሚረብሽ ድምፅ) አለ፤ ታዲያ መልእክቱ ሳይበላሽ እንዲደርስ ምን እናድርግ? ከመልሶቹ አንዱ ድግግሞሽ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ መላክ። ረዳቱ ሻነንን አያውቀውም፣ ሥራውን ግን በየቀኑ ይሠራዋል። ሌላም ነገር ልብ በሉ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት «ወራጅ!» ስትል ድምፅዋ ሹፌሩ ጋ ላይደርስ ይችላል። ረዳቱ ተቀብሎ «ወራጅ አለ!» ይላል። መልእክት በአማላጅ ሲያልፍ ማለት ነው። እዚህ ጋ ነው ኮሙኒኬሽን ከመሐንዲሶች እጅ ወጥቶ የማህበረሰብ ጥናት የሚሆነው።

ይህን ሁለተኛውን ነገር የእኛ ሰዎች ከማንም በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል እላለሁ። ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር አዋጅ ነጋሪው «ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይል ነበር። አንድ ሰው ገበያ ላይ ቆሞ አገር ሙሉ ሊያሰማ አይችልም። የሰማው ሰው ነው ወደ መንደሩ ወስዶ የሚያደርሰው። በ1934 ዓ.ም የተጀመረው የሕግ ጋዜጣችን «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለውም በዚያው ከበሮ ስም ነው።

አሁን ወደ አሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1940 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሦስተኛ ጊዜ በተወዳደሩበት ምርጫ ፖል ላዛርስፌልድ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኢሪ በተባለ አውራጃ 600 ያህል ሰዎችን መርጠው ከግንቦት እስከ ኅዳር ደጋግመው ጠየቋቸው። ያን ጊዜ ሬዲዮ እንደ መርፌ ሰውን ወግቶ ሐሳቡን ይለውጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። ያገኙት ሌላ ነው። በሬዲዮና በጋዜጣ ብቻ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ጥቂት ነበር። ብዙዎቹ የጠቀሱት ሰው ነው፦ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ወንድም። ሬዲዮውን የሚከታተሉ ጥቂቶች አሉ፣ ሌሎቹ ከእነሱ ይሰማሉ። የሁለት ደረጃ ፍሰት ብለው ሰየሙት። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ስሰማው «ይሄማ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ነው!» ብዬ ጓደኛዬን በክርኔ ነካሁት። እስከዚያች ቀን ድረስ ትምህርቱ ከሌላ አገር የመጣ የሚሸመደድ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ በተግባር ሲውል ማየት ለሚፈልግ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙን ያስብ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ሐሳቡ፣ በየቀበሌው 2 ሴቶችን ከዚያው አካባቢ መልምሎ፣ 1 ዓመት አሠልጥኖ መመለስ ነበር። እነሱ ቤት ለቤት ሄደው ሞዴል ቤተሰብ ያወጣሉ፤ ጎረቤት ደግሞ ከሞዴሉ ቤት ያያል። መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ የሚል ፖስተር ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻል ነበር። ግን ሰው ቆፍሮ የሚጠቀም ጎረቤቱን ሲያይና ቡና ላይ ሲወራ ነው ዶማ የሚያነሳው። ይህን የሚያጠናው ክፍል የልማት ተግባቦት ይባላል። በእኛ አገር ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን ይሄ ይመስለኛል፤ ተማሪው ግን ካሜራ ስለሌለው ብዙም አይመርጠውም።

ሌላው ትልቅ ክፍል ሚዲያ ነው። እዚህ ጋ ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ።

አንደኛው፣ ዜና የጉዳዮችን ቅደም ተከተል በጭንቅላታችን ውስጥ ያስቀምጣል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ማኮምስና ሾው የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቻፕል ሂል በምትባል የሰሜን ካሮላይና ከተማ ማንን እንደሚመርጡ ያልወሰኑ 100 ሰዎችን «የአገሪቱ ዋና ችግር ምንድነው?» ብለው ጠየቁ። ለብቻው ደግሞ እነዚያ ሰዎች የሚከታተሉትን ጋዜጣና ቴሌቪዥን ቆጠሩ፤ የትኛው ጉዳይ ስንት ቦታ ተሰጠው? ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ በጣም ተመሳሰሉ። አጀንዳ ሴቲንግ የሚባለው ይህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አሠራሩን ግን እዩልኝ። ውስጡ መቁጠር አለ። ኮሙኒኬሽን ሳይንስ የሚባለው በዚህ በኩል ነው። «ሚዲያው አዳላ» ማለት ማንም ይላል። ተማሪው ግን ስንት ዜና፣ በስንተኛ ገጽ፣ ማን ተጠቅሶ፣ ማን ሳይጠየቅ ቀርቶ የሚለውን ሠንጠረዥ ሠርቶ ይመጣል።

ይህን መልመድ የሚፈልግ ተማሪ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ይሂድ። ወይም ስድስት ኪሎ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ በሰጡበት ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት። በ1933 ዓ.ም የተጀመረውን የአዲስ ዘመን ጋዜጣን የአንድ ወር እትም አስወጥቶ የፊት ገጹን ብቻ ይቁጠር። የዚያን ዘመን አንድ ወር፣ የዚህን ዘመን አንድ ወር። እጁ በአቧራ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ይደክማል። ግን አንድ ሳምንት ሳይሞላ ማንም ያልነገረውን ነገር ያያል።

ሁለተኛው፣ ሰሚው ባዶ ዕቃ አይደለም የሚለው ነው። በጃማይካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር ያስተማረው ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ያነሳው ነጥብ ነው። አዘጋጁ መልእክቱን በራሱ ስሌት ይቋጥረዋል፣ ሰሚው በራሱ ኑሮ ይፈታዋል። ክፍል ውስጥ ይህ ሲነሳ ሁላችንም ሰምና ወርቅ አልን። ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በሰምና ወርቅ ሁለቱንም ትርጉም የሚያስቀምጠው ባለቅኔው ራሱ ነው፤ ሰሚው የተቀበረውን ያወጣል። ሆል የሚለው ግን ባለቅኔው ያላስቀመጠውን ወርቅም ሰሚው ያወጣል ነው። «በቂ የዘይት ክምችት አለ፣ ኅብረተሰቡ አይረበሽ» የሚል መግለጫ ሲነበብ ምን ይሆናል? ሰው ጀሪካኑን ይዞ ሱቅ ይሮጣል። መግለጫው ቃሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሰሚው ግን ከዚህ በፊት «በቂ አለ» የተባለ ጊዜ ምን እንደሆነ ያስታውሳል። መግለጫ የሚጽፍ ባለሙያ ይህን ትዝታ ካላሰበበት የጻፈው ለራሱ ነው።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይህ ሁሉ በምን መልክ ይመጣል? አሁን ባለው ሥርዓት ዲግሪው 4 ዓመት ነው። የመጀመሪያው የፍሬሽማን ዓመት የጋራ ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማትስ። ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ የሚባል ኮርስም አለ። ልጆች እሱን ወስደው «ኮሙኒኬሽን ዲፓርትመንት እንደዚህ ነው ማለት ነው» ይላሉ። አይደለም፤ እሱ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። ከፍሬሽማን ኮርሶች ለዚህ ሙያ ይበልጥ የሚጠቅሙት ሎጂክና አንትሮፖሎጂ ናቸው ባይ ነኝ። አንዱ ክርክር ውስጥ ያለ ቀዳዳ ያሳያችኋል፣ ሌላው ከራሳችሁ ቤት ውጭ ያለን ሰው ቁጭ ብሎ መስማት ያስተምራችኋል።

ከዚያ በኋላ ዲፓርትመንት ይገባል። የዜና አጻጻፍ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ የሕዝብ ግንኙነት፣ የሚዲያ ሕግና ሥነ ምግባር፣ ንድፈ ሐሳብ፣ የምርምር ዘዴ። በሕጉ ኮርስ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 እና የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ይነበባሉ። ያ አዋጅ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር ክስ ያዞረ ነው፤ ለጋዜጠኛ ትልቅ ልዩነት ነው፣ በደንብ አንብቡት። መጨረሻ ላይ አፓረንትሺፕ (የሥራ ላይ ልምምድ)፣ ሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጥናት)፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ኤግዚት ኤግዛም አለ። 50 ከመቶ ያላመጣ አይመረቅም።

ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ሰው ይበዛል። እኔ በተማርኩበት ቦታ ለአንድ ክፍል የደረሰን ካሜራ 2 ነበር። ተራ ደርሶኝ የያዝኩት ለ10 ደቂቃ ይሆናል። የቀረው ግሩፕ ዎርክ ነው። ከ8 ልጆች 3ቱ ይሠራሉ፣ ስም ግን የ8ቱም ይጻፋል። በዚህ ብዙ ተቆጥቻለሁ። በኋላ የገባኝ ግን ሰው የበዛበት ግቢ ለዚህ ትምህርት ላቦራቶሪ ነው። ዶርም ውስጥ 6 ልጆች ከ6 አካባቢ ይመጣሉ። አንድ ቃል ለአንዱ ቀልድ፣ ለሌላው ስድብ ይሆናል። አንድ ወሬ ከካፌ ተነስቶ ላይብረሪ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ደግሞ ጅማን፣ ሐረማያንና አርባ ምንጭን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የማህበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ አላቸው። ጣቢያ ያለው ግቢ የደረሳችሁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሄዳችሁ በር አንኳኩ። ሻይ አምጡ ቢሏችሁም ግቡ።

አንድ ነገር ላይ ግን ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ቋንቋው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሥራው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ ነው። የዜና አጻጻፍ ስንማር «ዋናውን ከፊት አስቀምጡ» ተባልን። በእንግሊዝኛ ማን፣ ምን አደረገ ብሎ መጀመር ቀላል ነው፤ ግሡ ቶሎ ይመጣል። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ልማድ ይዞ አማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚከተለውን ዓይነት ዜና ያወጣል። ምሳሌውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ግን ቢጤውን አያጣም።

«የዞኑ አስተዳዳሪ በትናንትናው ዕለት በከተማው ሁለገብ አዳራሽ ከሁሉም ወረዳዎች የተውጣጡ አርሶ አደሮች፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮች እንዲሁም ባለድርሻ አካላት በተገኙበት በተካሄደው የምክክር መድረክ ላይ ባደረጉት ንግግር የማዳበሪያ ስርጭቱ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በየቀበሌው የሚከናወን መሆኑን ገለጹ።»

ቁጠሩት። ማዳበሪያ የምትለው ቃል የመጣችው 25 ቃላት ካለፉ በኋላ ነው። ገበሬው በሬዎቹን እየፈታ ነው የሚሰማው። አዳራሹ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ወደ በሬው ሄዷል። ይህ ሰው ማዳበሪያውን የሚያገኘው ሰኞ ነው፣ ዜናው ግን አልደረሰውም። አሁን ደግሞ ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

«ማዳበሪያ ከሰኞ ጀምሮ በየቀበሌው ይሰራጫል። ይህን የተናገሩት የዞኑ አስተዳዳሪ ናቸው። ትናንት ከአርሶ አደሮች ጋር ተሰብስበው ነበር።»

ግሡ አሁንም መጨረሻ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ስላጠረ ግን መጨረሻው ቅርብ ሆነ። ይህን ማንም በኮርስ ስም አላስተማረኝም። ስመረቅ እንግሊዝኛ የዜና መክፈቻ መጻፍ እችል ነበር፤ ለእናቴ የሚገባ አማርኛ ለመጻፍ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ለመምህር በእንግሊዝኛ ያስገባችሁትን እያንዳንዱን አሳይመንት ማታ ዶርም ውስጥ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ድጋሚ ጻፉት። ከዚያ ኮሙኒኬሽን ለማይማር ልጅ አንብቡለት። የሰማውን እንዲነግራችሁ አድርጉ፤ የሳተው ቦታ የእናንተ ስህተት ያለበት ቦታ ነው።

ስለ ሥራው አጭር ልበል። ብዙው የመንግሥት የመቀጠሪያ በር ያው መጀመሪያ ያልነው የወረዳና የዞን ቢሮ ነው፤ የየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነትም አለ። ሚዲያ ቤቶች አሉ፣ የእርዳታ ድርጅቶች አሉ፣ ባንኮች አሉ። በዩቲዩብ የራሱን የሚሠራም አለ። በወጪ መጋራት የፈረማችሁት ከደመወዝ እንደሚቆረጥ አትርሱ። ሲቪ ላይ ዲግሪው ብቻ አይበቃም፤ የሠራችሁትን ነገር ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ፦ የድምፅ ፕሮግራም፣ የታተመ ጽሑፍ፣ ቆጥራችሁ የሠራችሁት ጥናት።

ለሲኒየር ኤሴይም ብዙ ልጆች «የማህበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ በወጣቶች ላይ» የሚል ርዕስ ይዘው ይመጣሉ። ሰፊ ነው፣ መጨረሻ የለውም። እኔ ዛሬ ተማሪ ብሆን የጤና ጣቢያ የመድኃኒት መስኮት ጋ እሄድ ነበር። ባለሙያዋ ፈጠን ብላ «አንዳንድ ፍሬ፣ በየ8 ሰዓቱ» ትላለች። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ መስኮቷ ጠባብ ናት። «በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት» የሚለያዩት በአንዲት «የ» እና በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። አንደኛው በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ ሌላው ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ። የሻነን ኖይዝ እዚያች መስኮት ላይ አለ። የሆል ሰሚም አለ፤ ቤቷ ሰዓት የሌላት እናት ያንን ቀን በምን ትከፍለዋለች? የሁለት ደረጃው ፍሰትም አለ፤ መድኃኒቱን የምትቀበለው ልጅ ናት፣ የምትውጠው አያቷ ናት።

ከዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ ታስጽፋላችሁ። ጣቢያውን ታስፈቅዳላችሁ። ሰዎቹንም ፈቃዳቸውን ትጠይቃላችሁ፣ በሽታቸው ምን እንደሆነ ግን አትጠይቁም። ከዚያ ከበሩ ውጭ ጥላ ሥር ትቆማላችሁ። የወጡትን «እማማ፣ መድኃኒቱን እንዴት ይውሰዱ አሉዎት?» ትላላችሁ። የሚመልሱትን ሳታርሙ፣ በራሳቸው ቃል ትጽፋላችሁ። ተሳስተው ከተረዱት ግን ደብተሩን እጠፉና ይዛችኋቸው ወደ መስኮቱ ተመለሱ።